ያገለገለ ዕቃ እና ጠባቂው፦ የሬዲዮአክቲቭ ቁሶች አጠባበቅ ታሪክና የወለጋ ከተሞች

በወለጋ ምድር ውድ ነገርን ቆጥሮና መዝኖ የመጠበቅ ልማድ የቆየ ነው። የነጆ አካባቢ ወርቅ፣ በሌቃ ነቀምቴ ገዢዎች በሞሮዳ በከሬና በልጃቸው በኩምሳ፣ ኋላ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በተባሉት ዘመን፣ ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከሚገባው ግብር አንዱ ነበር። የዩብዶ ፕላቲነምም እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ የአገሪቱን ስም በውጭ ገበያ አስጠርቷል። እንዲህ ያለው ማዕድን ሚዛን፣ መዝገብና ዘበኛ አይለየውም፤ ምክንያቱም ዋጋውን ባለቤቱም ሌባውም እኩል ያውቁታል።

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ቁስ ግን ጠባዩ የዚህ ግልባጭ ነው። አዲስ ሳለ በብዙ ገንዘብ ይገዛል፤ አገልግሎቱን ሲጨርስ ግን ባለቤቱ ሊሸጠው ይቅርና የሚረከበው እንኳ በቀላሉ አያገኝለትም። ይሁን እንጂ አደጋው ከአገልግሎቱ ጋር አብሮ አያበቃም። የሚሰርቀውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመኘው በውስጡ ያለውን ቁስ ሳይሆን ቁሱ የታሸገበትን እርሳስና ብረት ነው። ከዚህ የተነሣ ለወርቅ የተበጀው የጥበቃ ልማድ ለሬዲዮአክቲቭ ቁስ እንዳለ ሊያገለግል አልቻለም። ዓለም ይህን የተረዳው ብዙ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባት አስቀድሞ በሕዝብ ዘንድ፣ አልፎ አልፎም በመማሪያ ክፍል ውስጥ የሚሰማ አንድ ግራ መጋባት መጥራት ይኖርበታል። በነቀምቴም ሆነ በሌላ ከተማ ሆስፒታል የሚገኝ የራጅ መሣሪያ በውስጡ ሬዲዮአክቲቭ ቁስ የለበትም። ጨረራውን የሚያመነጨው በኤሌክትሪክ ኃይል ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ጨረራውም አብሮ ይጠፋል። የተሰረቀ የራጅ መሣሪያ የንብረት ጉዳት እንጂ የጨረራ አደጋ አያስከትልም። በአንጻሩ ኮባልት 60፣ ሲዚየም 137 ወይም ኢሪዲየም 192 የተባሉት ቁሶች ማብሪያና ማጥፊያ የላቸውም። ሌሊትም ቀንም፣ ሥራ ላይ ሆኑም መጋዘን ተጣሉም፣ ጨረራ ከማመንጨት አያቋርጡም። ሰውን ከነሱ የሚለየው በዙሪያቸው ያለው ወፍራም እርሳስ ብቻ ነው።

የኮባልት 60 ጨረራ ለካንሰር ሕክምና መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 በካናዳ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር «አቶም ለሰላም» የተባለውን ሐሳብ ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አቀረቡ፤ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ1957 ተቋቋመ። ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት አባል ከሆኑት አገሮች አንዷ ነበረች። በነዚያ ዓመታት መንግሥታትን ያሳስባቸው የነበረው፣ ቦምብ ሊሠራበት የሚችለው ዩራኒየምና ፕሉቶኒየም ወደ ጦር መሣሪያ እንዳይዛወር፣ እንዲሁም ሠራተኛውና ሕመምተኛው ከመጠን በላይ ለሆነ ጨረራ እንዳይጋለጡ ነበር። በየሆስፒታሉ፣ በየፋብሪካውና በየዩኒቨርሲቲው የተሠራጨው አነስተኛ ቁስ ሊሰረቅ ይችላል የሚለው ሥጋት ከዚህ ያነሰ ትኩረት ነበረው። ማን ይሰርቀዋል ተብሎ!

በኢትዮጵያ የጨረራ ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት 60 መሣሪያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን ለብዙ ዓመታትም በአገሪቱ ብቸኛው የጨረራ ሕክምና ማዕከል ሆኖ ኖሯል። ከነቀምቴ የተላከ ሕመምተኛ ወደዚያ ለመድረስ 330 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደምቢ ዶሎ የተነሣው ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት። ስለዚህ የኮባልት ጥቅም ለወለጋ ቤተሰቦች ከመጽሐፍ የተነበበ ጉዳይ አይደለም፤ ለጉዞው ከብት የተሸጠበት ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጥቁር አንበሳም ሆነ በሌሎች ማዕከላት ሬዲዮአክቲቭ ቁስ የሌለባቸውና በኤሌክትሪክ የሚሠሩ አክስለሬተር የተባሉ መሣሪያዎች መትከል ተጀምሯል።

ሁለተኛው ታላቅ አገልግሎት የእንስሳት ጤና ነው። የደዴሳና የአንገር ሸለቆዎች ገበሬ የቆላ ዝንብንና እሱ የሚያስተላልፈውን የገንዲ በሽታ ከማንም አስበልጦ ያውቃል። በሬው በገንዲ የሞተበት ገበሬ ለም መሬቱን ትቶ ወደ ደጋ ለመውጣት የሚገደድበት ጊዜ አለ። ይህን ዝንብ ለማጥፋት ከተቀየሱት ዘዴዎች አንዱ ወንዱን ዝንብ በጋማ ጨረራ አምክኖ ወደ ዱር መልቀቅ ነው። ለዚሁ ዓላማ እ.ኤ.አ. በ2007 አዲስ አበባ ቃሊቲ ላይ የዝንብ ማራቢያና ማምከኛ ማዕከል ተመርቋል። ሥራው የታቀደው በመጀመሪያ ለደቡብ ስምጥ ሸለቆ ስለነበር ወለጋ በቀጥታ ተጠቃሚ አልነበረም፤ ዕውቀቱ ግን የደዴሳን ገበሬ ይመለከተዋል። ከዚህ ሌላ በመንገድ ሥራ የአፈሩንና የአስፋልቱን እፍጋት የሚለካ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ፤ በውስጡም አነስተኛ ሲዚየምና አሜሪሲየም ይገኛል። የቧንቧና የብረት ብየዳ ስንጥቅ እንዳለበት ለመመርመር ደግሞ ኢሪዲየም ይሠራበታል። በአንድ ክፍለ ሀገር ከተማ ደጃፍ ሊያልፉ የሚችሉት ቁሶች በአመዛኙ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው።

የስርቆቱና የመጥፋቱ ታሪክ ዐይን የሚገልጥ ነው። በሜክሲኮ የኹዋሬዝ ከተማ አንድ የሕክምና ማዕከል በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የገዛውን የኮባልት መሣሪያ ሳይተክል ለዓመታት መጋዘን አስቀምጦት ነበር። በ1983 ማብቂያ ላይ መሣሪያው ተፈትቶ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጠ። በውስጡ የነበሩት ወደ 6,000 የሚጠጉ ደቃቅ የኮባልት ፍሬዎች ተበተኑ፤ ከፊሎቹም ከብረቱ ጋር ቀልጠው የሕንፃ ፌሮ ሆኑ። ጉዳዩ የታወቀው በጥር 1984 ነው፤ ይህን ብረት የጫነ መኪና በአሜሪካ በሎስ አላሞስ የምርምር ጣቢያ በር አጠገብ ሲያልፍ የጨረራ መቆጣጠሪያው ስለጮኸ ነው። መኪናው በዚያ ባያልፍ ኖሮ ብረቱ በስንት ቤት ግድግዳ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ከሁሉም ይልቅ መምህራን በጥልቀት ሊያጤኑት የሚገባው ግን በብራዚል በጎያኒያ ከተማ በ1987 የደረሰው ነው። አንድ የግል የጨረራ ሕክምና ክሊኒክ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲዛወር የሲዚየም 137 መሣሪያውን ለሚመለከተው ባለሥልጣን ሳያስታውቅ በአሮጌው ሕንፃ ትቶት ሄደ። ሕንፃው በከፊል ፈረሰ፤ በርና መስኮቱ ተነቀለ። በመስከረም 1987 ሁለት ሰዎች ብረቱ ይሸጣል ብለው የመሣሪያውን ራስ ነቅለው በጋሪ ወሰዱት፤ ፈታትተውም ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ነጋዴው በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠውን ዱቄት ባየ ጊዜ የከበረ ነገር መሰለውና ለዘመድ ወዳጅ አከፋፈለ። ሰዎች ዱቄቱን በሰውነታቸው ቀቡት፤ አንዲት የ6 ዓመት ሕፃንም በእጇ ነክታ ምግብ በላች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማስመለስና የቆዳ መቁሰል በረከተ፤ ሐኪሞችም ነገሩን የሌላ በሽታ ምልክት አድርገው ወሰዱት።

የዚህ ታሪክ ቁልፍ ያለው ከዚህ በኋላ በሆነው ነገር ላይ ነው። የሕመሙን ምክንያት አስቀድማ የጠረጠረችው የነጋዴው ሚስት ነበረች። የፊዚክስ ትምህርት አልነበራትም። ነገር ግን ያ ዕቃ ወደ ቤታቸው ከገባ ወዲህ ቤተሰቡ ሁሉ መታመሙን ልብ አለች፤ ቅሪቱንም በከረጢት አስደርጋ በአውቶቡስ ወደ ጤና ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ወሰደችው። ይህ ባይሆን ኖሮ ቁሱ ከዚያም በላይ በተሠራጨ ነበር። እሷን ራሷን፣ ሕፃኗንና ሁለት ወጣት ሠራተኞችን ጨምሮ አራት ሰዎች ሞቱ። በከተማው ስታዲየም ከ112,000 የሚበልጥ ሕዝብ ተመረመረ፤ ከነዚህም 249ኙ ቁሱ የነካቸው ሆነው ተገኙ። ከጽዳቱ የተሰበሰበው ቆሻሻ ወደ 3,500 ሜትር ኪዩብ ደረሰ። ይህ ሁሉ የደረሰው በእጅ መዳፍ ከሚያዝ አንድ ዕቃ ነው።

በታይላንድ ሳሙት ፕራካን በ2000 የደረሰው ከዚህ ብዙ አይለይም፤ አሮጌ የኮባልት መሣሪያ ጥበቃ በሌለበት የመኪና ማቆሚያ ተትቶ ተሰረቀ፤ ሦስት ሰዎችም ሞቱ። ልዩ የሚያደርገው ግን በመሣሪያው ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት መኖሩ ነው። ባለ ሦስት ቅጠሉ ምልክት ነበረ፤ ጽሑፍም ነበረ፤ ነገር ግን ጽሑፉ ሰዎቹ በሚያነቡት ቋንቋ አልነበረም፤ የምልክቱንም ትርጉም የነገራቸው የለም። በአልጄሪያም በ1978 ከጭነት መኪና መንገድ ላይ የወደቀ የኢሪዲየም ቁስ ሁለት ሕፃናት አንሥተው ወደ ቤት ወስደውት አያታቸው ሞተዋል።

ለትምህርት ተቋማት እጅግ የሚቀርበው ግን የዴልሂው ጉዳይ ነው። የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል ለምርምር የገዛው የኮባልት 60 መሣሪያ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሳይሠራበት ቆሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ከሌሎች ያገለገሉ ዕቃዎች ጋር በጨረታ ተሸጠ። በማያፑሪ የቁርጥራጭ ብረት ሰፈር ሲፈታ አንድ ሰው ሞተ፤ ሌሎችም ክፉኛ ተጎዱ። እዚህ ላይ ሌባ የለም፤ የተሰበረ ቁልፍ የለም። ንብረቱ የተሸጠው በሕጋዊ መንገድ፣ በኮሚቴ ውሳኔ ነው። መሣሪያውን የገዙትና ያሠሩት መምህራን በጡረታ ተሰናብተው ስለነበር በመዝገብ የቀረው አንድ የብረት ሣጥን ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። የሰነድ መጥፋት ከቁልፍ መሰበር የማያንስ ጉዳት እንደሚያደርስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

እነዚህ አደጋዎች፣ ከዚያም በላይ መስከረም 2001 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ከደረሰው ጥቃት በኋላ የመጣው የሽብር ሥጋት፣ ዓለም አቀፉን ኤጀንሲ አነቃቁት። ቀደም ብሎ በ2000 የወጣው የሬዲዮአክቲቭ ምንጮች ደኅንነትና ጥበቃ የሥነ ምግባር ደንብ ተሻሽሎ በ2003 ጸደቀ። ቁሶቹም ባላቸው አደገኛነት በአምስት ምድብ ተከፈሉ። በአንደኛው ምድብ ያለውን ያለ መከላከያ የቀረበ ሰው በደቂቃዎች ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሞት የሚያበቃ ጨረራ ሊያገኘው ይችላል፤ የካንሰር ማከሚያውና የዝንብ ማምከኛው ኮባልት ከዚህ ይመደባሉ። የብየዳ መመርመሪያው ኢሪዲየም ሁለተኛ፣ የመንገድ ሥራው መለኪያ ደግሞ አራተኛ ነው። የደንቡ ዋነኛ ጠባይ ግን በፈቃደኝነት ላይ መመሥረቱ ነው። ስምምነት አይደለምና መንግሥታትን አያስገድድም፤ ሆኖም ከ140 የሚበልጡ አገሮች ሊሠሩበት ፈቃደኛ መሆናቸውን በጽሑፍ አስታውቀዋል።

ኢትዮጵያ በበኩሏ አስገዳጅ ሕግ ያወጣችው ከዚያ በፊት ነው። ብሔራዊ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 79/1986 ተቋቋመ፤ ሕጉ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 571፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1025 ተሻሽሎ ወጥቷል። ኋላም ሥራው ወደ ኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ተዛውሯል። በሕጉ መሠረት ሬዲዮአክቲቭ ቁስን ያለ ፈቃድ ማስገባት፣ መያዝም ሆነ ማጓጓዝ ክልክል ነው። እንግዲህ ሕግ ካለ የፈቃደኝነት ጥበቃ ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ሕግ በሚደርስበትና በማይደርስበት መካከል ያለው ርቀት ነው። ሕግ የሚወስነው ዝቅተኛውን መጠን ነው፤ ተቆጣጣሪውም ቢሮው አዲስ አበባ እንደመሆኑ መጠን በእያንዳንዱ ሌሊት በእያንዳንዱ መጋዘን በር ሊቆም አይችልም።

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ተሞክሮ ጥሩም መጥፎም ጎን ያሳያል። የኃይል ሚኒስቴሩ የኑክሊየር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከሕጉ ግዴታ በላይ ለሚሄዱ ሆስፒታሎች ካሜራ፣ የማንቂያ ደወል፣ የተጠናከረ በርና ከፖሊስ ጣቢያ ጋር የሚያገናኝ መስመር በነፃ ይተክል ጀመር። ተቋማቱ የሚጠየቁት ፈቃደኝነታቸውንና ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚመጣውን የጥገና ወጪ ብቻ ነበር። የመንግሥት ሒሳብ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2012 ባወጣው ሪፖርት መሠረት እስከዚያ ዓመት መጋቢት ድረስ ከ1,503 ሆስፒታሎችና የሕክምና ተቋማት ሥራው የተጠናቀቀላቸው 321 ነበሩ፤ ወጪውም 105 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። በትላልቅ ከተሞች የሚገኙ አንዳንድ ተቋማት ግን እርዳታውን አልተቀበሉም። ተቆጣጣሪዎቹ በጎበኙት በአንድ ሆስፒታል የሲዚየሙ ክፍል በር የሚከፈትበት የምሥጢር ቁጥር በዚያው በር መቃን ላይ ተጽፎ አገኙት። እንዲህ ያለውን ጉድለት በገንዘብ ብቻ ማስተካከል አይቻልም። ቁጥሩን የጻፈው ሰው ክፉ አስቦ ሳይሆን እንዳይረሳው ብሎ ነው፤ በውስጡ ያለው ምን እንደሆነ በሚገባ ያልተነገረው ሰው ከዚህ የተለየ ጥንቃቄ ሊያደርግ አይችልም።

ከጥበቃዎች ሁሉ የሚበልጠው ቁሱን በሌላ መተካት ነው። ፈረንሳይና ኖርዌይ ለደም ማከሚያ የሚውለውን የሲዚየም መሣሪያ በራጅ መሣሪያ ተክተዋል፤ የሌለ ነገር አይሰረቅምና። ሆኖም ይህ ምክር ለታዳጊ አገር ሲቀርብ መጠን ያስፈልገዋል። አክስለሬተር የማይቋረጥ ኤሌክትሪክና በቅርብ የሚገኝ የጥገና ባለሙያ ይፈልጋል። የኮባልት መሣሪያ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ለብዙ ዘመን ተመራጭ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የተኛ አክስለሬተር የተሰለፉትን ሕመምተኞች አያክምም። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች የጥበቃውን ጥቅም ከሕክምናው ጋር አብረው ሊመዝኑት ይገባል።

ወደ ወለጋ ሲመለሱ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። የወለጋ ከተሞች ሥጋት ታላቅ ቁስ የተከማቸበት ቦታ መሆናቸው ሳይሆን የመንገድ መገናኛ መሆናቸው ነው። ከነቀምቴ አንዱ መንገድ ወደ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው ወደ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ፣ ሦስተኛው ወደ በደሌ፣ አራተኛው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ ይሄዳል። በየትኛውም አገር ሥራ ተቋራጭ መለኪያውን ይዞ ከካምፕ ወደ ካምፕ ይዛወራል፤ ከተማም ያድራል። ዓለም አቀፉ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ ያሉ ድርጊቶችን በሚመዘግብበት ሰነድ ከ4,000 በላይ የመጥፋት፣ የስርቆትና የሕገ ወጥ ዝውውር ጉዳዮች ተመዝግበዋል፤ ከስርቆቶቹም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተፈጸሙት ቁሱ በጉዞ ላይ ሳለ ነው። ብዙውን ጊዜ ሌባው የሚፈልገው መኪናውን ነው። በመኪናው ጀርባ ያለው ቢጫ ሣጥን ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ሲያውቅም መንገድ ዳር ይጥለዋል።

የአራተኛ ምድብ መለኪያ በአጠገቡ ያለፈውን ሰው አይገድልም፤ ይህን አጋንኖ ማስፈራራት ለትምህርትም አይበጅም። ነገር ግን ሣጥኑ ተሰብሮ ቁሱ ከወጣ፣ ወይም ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ወደ ማቅለጫ ምድጃ ከገባ ጉዳቱ ከቦታው አልፎ ይሄዳል። በስፔን በ1998 ሳይታወቅ የቀለጠ ሲዚየም በሌሎች የአውሮፓ አገሮች አየር ላይ እስኪታወቅ ድረስ ተሠራጭቷል። አዲስ አበባ ላይ ቆራሌው እየተባለ የሚጠራው ውራጅ ሰብሳቢ ዛሬ በክፍለ ሀገር ከተሞችም አይጠፋም፤ የሚሰበስበው ብረትም በመጨረሻ የሚደርሰው ወደ ማቅለጫ ነው። የእርሳስ ክብደት ለሱ መልካም ዕድል ይመስለዋል።

ከዚህ በመነሣት ሕግ ሳያስገድድ ሊደረግ የሚችለው ሥራ ምን እንደሆነ መረዳት አያስቸግርም። የንብረት ክፍል አንድን ዕቃ በሞዴል 19 ሲረከብ «አንድ መለኪያ መሣሪያ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ በውስጡ ያለውን ቁስ፣ መጠኑንና የተሠራበትን ዓመት አብሮ ቢጽፍ የዴልሂው ዐይነት ጨረታ ሊደርስ አይችልም። ሁለት ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ማድረግ ወጪው የአንድ ቁልፍ ዋጋ ነው። ዕቃው ሲገዛ ሻጩ አገልግሎቱ ሲያበቃ መልሶ እንዲወስደው በውሉ ማስገባት ከሁሉም ይልቅ ይጠቅማል፤ ይህም ሊደረግ የሚችለው ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ብቻ ነው። ተቋራጩ ከተማ ሲገባ ለፖሊስ ጣቢያ ቢያስታውቅ፣ መሣሪያውን በመኪና ውስጥ ትቶ ባያድር፣ የዕቃ ቤት ኃላፊ ሲለወጥ ርክክቡ በዐይን እየታየ ቢፈጸም፣ እነዚህ ሁሉ ያለ ካሜራና ያለ ደወል የሚሠሩ ናቸው። ያለ ዕውቀት ግን አይሠሩም።

በተለይ የቋንቋው ጉዳይ በወለጋ ትኩረት ይሻል። በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው። ከውጭ የመጣ መሣሪያ የሚለጠፍበት ጽሑፍ ግን በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ነው። በመንገድ ሥራ የተሰማራው የቀን ሠራተኛ፣ ዘበኛውና ውራጅ ሰብሳቢው የሚያነቡት ሌላ፣ ማስጠንቀቂያው የተጻፈው በሌላ ከሆነ የሳሙት ፕራካን ሁኔታ በነቀምቴ አይደገምም ለማለት የሚያስችል ምክንያት የለም። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተጻፈ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ማንም ሊለጥፈው የሚችለው ነው።

የፊዚክስ መምህራን ድርሻ ከዚህ ይጀምራል። ግማሽ ዕድሜ የተባለው ፅንሰ ሐሳብ በሁለተኛ ደረጃ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው እንደ ሒሳብ መልመጃ ነው፤ ተማሪው ቁጥሩን አውጥቶ ያልፋል። የኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜ 5.27 ዓመት ነው። 3,000 ኩሪ የነበረው መሣሪያ 21 ዓመት መጋዘን ቢቀመጥ አራት ጊዜ ይጋመስና ወደ 190 ኩሪ ይወርዳል። ለሐኪሙ ያ መሣሪያ ከጥቅም ውጭ ከሆነ ቆይቷል፤ ለፈታው ሰው ግን አሁንም ለሞት ሊያበቃው ይችላል። የሲዚየም 137 ግማሽ ዕድሜ ደግሞ 30 ዓመት ያህል ስለሆነ አንድ የዕቃ ቤት ኃላፊ ተቀጥሮ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ቁሱ ከግማሽ ብዙም አያንስም። ይኸው ስሌት በመጋዘን፣ በቁልፍና በርክክብ ምሳሌ ቢቀርብ ተማሪው ፊዚክሱንም ሳያጓድል የሚያውቀው ነገር ይበዛል። የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማትም ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ከጎያኒያና ከዴልሂ ሊያዘጋጁ ይችላሉ። የጎያኒያዋ ሴት ያደረገችው፣ የሕመሙን መጀመሪያና የዕቃውን መምጣት ማዛመድ፣ በማናቸውም የሳይንስ ክፍል ሊለመድ የሚችል የመመርመር ልማድ ነው። ልዩነቱ ዕቃውን በእጅ ይዞ በአውቶቡስ መሄድ እንደማይገባ፣ ርቆ በመቆም ሌላውንም አርቆ ለፖሊስ ወይም ለጤና ጽሕፈት ቤት ማመልከት እንደሚሻል አስቀድሞ መማሩ ላይ ነው።

ምልክቱም ቢሆን በራሱ አይናገርም። ባለ ሦስት ቅጠሉ ምልክት እ.ኤ.አ. በ1946 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ሲቀረጽ ትርጉሙን ለሚያውቁ ሠራተኞች ታስቦ ነበር። ዓለም አቀፉ ኤጀንሲ ከብዙ አደጋ በኋላ ባካሄደው ጥናት ያልተማረ ሰው ከዚህ ምልክት አደጋን ሊያነብ እንደማይችል ተረዳ። በመሆኑም በ11 አገሮች፣ በከተማና በገጠር፣ በተማረና ባልተማረ ሕዝብ ዘንድ የተለያዩ ሥዕሎች ተሞክረው በ2007 አዲስ ምልክት ወጣ። በቀይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የጨረራ ሞገድ፣ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ይታያሉ። የተዘጋጀው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ምድብ ላሉት ቁሶች ነው። በሕንፃ በር ላይ፣ በማጓጓዣ ሣጥን ወይም በመኪና ላይ አይለጠፍም፤ በመሣሪያው ውስጥ በመከላከያው አጠገብ ይደረጋል። በዘወትር ሥራ ላይ ማንም አያየውም፤ የሚያየው መሣሪያውን መፍታት የጀመረ ሰው ነው።